ለጨዋታውም አስተርጓሚ ይቁምለት

አንባቢ ሆይ፤ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ያውቁት ይሆናል። ባያውቁትም ከሰፈርዎ ልጆች አንዱን ቢጠይቁት ጉዳዩን አስጥሎ ያስረዳዎታል። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይመርጣል፤ ገበሬ ያሰማራል፣ እንጨት ያስቈርጣል፣ ከተማ ይቈረቍራል፣ ኋላም ጦር ያዘምታል። የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል የወጣው በ1999 ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱን የምቈጥረው በፈረንጅ ነው)። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ስለ አፍሪካ መንግሥታት አንድ ተጨማሪ ክፍል ወጣለትና ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ሾተል የታጠቀ እግረኛ አለ፤ ዮዲት ከአክሱም ተሰዳ ኋላ ጦር አስከትላ ስትመለስ የሚያሳይ ዘመቻም አለ። የኢትዮጵያን ወገን ይዘው ወታደሩን ጠቅ ሲያደርጉት የሚመልስልዎ በአማርኛ ነው።

ይህንን የሰማ አንድ የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጅ፣ ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ፣ ሰሞኑን ጥያቄ ይዞ መጣ። ታላቅ ወንድሙ በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ ጸሓፊነት ተቀጥሮ፣ ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቹ ቈጥቦ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቷል። ላፕቶፑ አዲሱን ዊንዶውስ አልቀበል ስላለ ወንድምየው ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭኖበታል። ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ፊልም ይታይበታል፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ጨዋታው ግን የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። «ጨዋታው አማርኛ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም አማርኛ ይጽፋል፤ እንግዲያው ሁለቱ የማይግባቡት በምን ምክንያት ነው?» አለኝ። ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ ስላልመሰለኝ መልሱን ለእርስዎም አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ኮምፒዩተር ሁለት ቋንቋ አለው ለማለት ይቻላል። አንደኛው የማሽኑ የራሱ ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው የቍጥር ትእዛዝ። ሁለተኛው የቤቱ ሥርዓት ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው። ጨዋታው መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ማወዳደሩን በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። ዳሩ ግን መስኮት ለመክፈት፣ ፋይል ለማንበብ፣ ድምፅ ለማሰማት ሲፈልግ በራሱ ሥልጣን ማድረግ አይችልም፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማመልከቻ ማቅረብ አለበት። ማመልከቻውም ቅጽ አለው፤ ዊንዶውስ የራሱ ቅጽ፣ ሊኑክስ የራሱ፣ የአፕል ማሽንም የራሱ። በመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚያውቁ ከሆነ የሚሆነውን ልንገርዎ አያሻም። ጉዳዩ እውነተኛ ነው፤ ማስረጃውም ተሟልቷል፤ ነገር ግን በሌላ መሥሪያ ቤት ቅጽ ተሞልቶ የመጣ ወረቀት ይመለሳል። በልጁ ጨዋታ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ ተጭኖበት በነበረ ጊዜም ይኸው ፕሮሰሰር ነበረ፤ ትእዛዙን ያውቀዋል። የታጣው ማመልከቻውን የሚቀበል ነው።

መፍትሔውን ለመረዳት ከልደታ መውጣት አያስፈልግም። እዚሁ በሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ተገኝተው ችሎት ተከታትለው እንደ ሆነ፣ አማርኛ የማያውቅ ሰው ቀርቦ «አስተርጓሚ ይቁምለት» ሲባል ሰምተው ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፣ ክሱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ዳኛው አዲስ ቋንቋ አይማሩም፤ ተከሳሹም በአንድ ቀን አማርኛ አይለምድም። በመካከል የቆመው ሰው ግን ከዚህ ወገን የሰማውን ለዚያ፣ ከዚያ ወገን የተመለሰውን ለዚህ፣ ወዲያው ወዲያው ያቀብላል። አስተርጓሚው ዳኛ ነኝ አይልም፤ ተከሳሽም አይሆንም።

እንደዚህ ያለ አስተርጓሚ ለኮምፒዩተር ተሠርቷል፤ ስሙም ዋይን ነው። ስሙን እንደ ጠርሙሱ ወይን ቢያነቡት ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ሠሪዎቹ ፊደሎቹን ሲዘረዝሩ «ዋይን አስመሳይ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ያወጡበታል። ሥራውን በ1993 ያስጀመረው ቦብ አምስታድት ነበረ፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የመራው አሌክሳንደር ዡሊያር ነው። አንደኛ እትም የሚባለውን ለማውጣት የበቁት በ2008 ነው። 15 ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ያህል የቆዩት ሰንፈው አይደለም። የዊንዶውስ ቅጾች በሺሕ ይቈጠራሉ፤ ብዙዎቹም በመጽሐፍ በተጻፈው መንገድ ብቻ አይሠሩም። የዋይን ሰዎች የዊንዶውስን የውስጥ ጽሑፍ እንዳይነኩ ለራሳቸው ሕግ አውጥተዋል፤ ያንን ጽሑፍ ያየ ሰው ሥራውን እንዲያቀርብ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የሚማሩት በውጭ ሆነው ነው። አንዱን ማመልከቻ ለዊንዶውስ ያቀርቡለታል፤ ምን ብሎ እንደ መለሰ ይመዘግባሉ፤ የእነርሱም አስተርጓሚ ያንኑ እንዲመልስ ያደርጋሉ። ያለ ሰዋስው መጽሐፍ፣ ገበያ ውስጥ ተቀምጦ ቋንቋ እንደ መልቀም ያለ ነው።

«አስመሳይ አይደለም» ማለታቸው ግን ስለ ምን ነው? አስመሳይ የሚባሉት ሌሎች ፕሮግራሞች ስላሉ ነው፤ ፈረንጆቹ ኢሙሌተር ይሏቸዋል። እነዚህ የሚተረጉሙት ንግግሩን ብቻ አይደለም፤ መላውን ማሽን በምናብ ይሠሩታል። በ2002 የወጣው ዶስቦክስ የጥንቱን የዶስ ኮምፒዩተር ከነፕሮሰሰሩ፣ ከነድምፅ ካርዱ አስመስሎ በዛሬው ማሽን ውስጥ ያቆመዋል። የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚያጫውቱትም እንዲሁ ናቸው፤ የፕሌይስቴሽኑ ፕሮሰሰር ሌላ ዓይነት ስለ ሆነ እያንዳንዷን ትእዛዝ መለወጥ የግድ ነው። ይህ በመድረክ ላይ ቤተ መንግሥት እንደ መሥራት ነው፤ ዙፋኑም፣ መጋረጃውም፣ ዘበኛውም ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ጠንካራ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ዋይን ግን ፕሮሰሰሩ ያው ስለ ሆነ ትእዛዙን አይነካም፤ ማመልከቻዎቹን ብቻ ይተረጉማል፤ ፍጥነቱም ከዊንዶውሱ ብዙ አይርቅም። «በአስተርጓሚ የተነገረ ነገር ዘገምተኛ ነው» የሚሉ ሰዎች ይህንን ልዩነት ሳያዩ ነው የሚፈርዱት።

አንድ የሚያስቅ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለጥንቱ ዊንዶውስ የተሠሩ ባለ 16 ቢት ጨዋታዎችን የዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አይከፍታቸውም። ዋይን ብዙዎቹን ሊኑክስ ላይ ይከፍታቸዋል። የአገሩ ሰው የረሳውን ዘዬ እንግዳው አስታውሶ ሲናገር ማለት ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትልቁ ችግር ሥዕሉ ነበረ። የዊንዶውስ ጨዋታዎች ሥዕል የሚያስሉት ዳይሬክትኤክስ በተባለው የማይክሮሶፍት መንገድ ሲሆን፣ ሊኑክስ ይህ የለውም። ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ፕሮግራም ጸሓፊ «ኒየር ኦቶማታ» የተባለውን አንድ ጨዋታ በሊኑክስ መጫወት ስለ ፈለገ፣ የዳይሬክትኤክስን ጥያቄ ቩልካን ወደሚባለው ለሁሉ ክፍት ወደ ሆነው መንገድ የሚመልስ ትርጕም መሥራት ጀመረ። ስሙ ዲኤክስቪኬ ይባላል። ጨዋታ ሸጩ የቫልቭ ኩባንያ ይህንን አይቶ ሰውየውን ቀጠረው፤ ዲኤክስቪኬንና ዋይንን አንድ ላይ አስሮም በነሐሴ 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው። ቫልቭ ይህን ያደረገው ለእኔና ለእርስዎ ኪስ አስቦ እንዳይመስልዎ። ማይክሮሶፍት በ2012 የራሱን የፕሮግራም መደብር በዊንዶውስ 8 ውስጥ ሲከፍት፣ ጨዋታ የሚሸጥበት ገበያ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ መሆኑ አሳስቦት ነበረ። በ2022 ያወጣው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ መጫወቻም የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ በላዩ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ነጋዴ ለራሱ ጥቅም የቈፈረው ጕድጓድ ውሃ ከወጣው ጎረቤት ይቀዳበታል።

አሁን ነገሩ የጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ላሳይዎ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተመዝግቦ ለጊዜው ማራዘሚያ ላገኘ ካልሆነ በቀር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል የሌለውን፣ ፕሮሰሰሩም በኩባንያው ዝርዝር ያልተጻፈውን ማሽን በደንቡ አይቀበልም፤ ከኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚፈቀድለት። በከተማችን በተማሪና በጀማሪ ሠራተኛ እጅ ያለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ስለ ሆነ፣ ከዚህ መስመር በታች የሚቀረው ጥቂት አይደለም። አዲስ መግዛት የብዙ ወር ደመወዝ ነው። በቂ ሆኖ የሚሠራ ማሽን «ጊዜው አልፎበታል» ሲባል ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው እድሳት በሌለው ዊንዶውስ መቀጠልና ከማይታወቅ ሰው ፍላሽ የተቀዳ «ክራክ» እየጫኑ ቫይረስ ማሳደር ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ነው፤ ዋጋ የለውም፣ እድሳቱም አይቋረጥም። ወጣቱን ሁለተኛውን እንዳይመርጥ የሚያደርገው ምንድን ነው ብዬ ተማሪዎቼን ብጠይቅ የሚበዙት «ጌም የለውም» ይሉኛል። የደብዳቤውን ፕሮግራም ያነሣ አንድ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው የጨዋታ ጉዳይ ቢመስልም፣ አንድ ቤተሰብ ያለውን ኮምፒዩተር ይዞ መቀጠሉን ወይም መጣሉን የሚወስነው እርሱ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ አሠራሩን እንመልከት። ሃርድ ዲስክዎን ከመንካትዎ በፊት ሊኑክሱን ከፍላሽ አስነሥተው ይሞክሩት፤ «ሊኑክስ ሚንት» የተባለው ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያስቸግርም። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ይህ ሲረጋገጥ የራስዎን ፋይሎች ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ይጭኑታል። ጨዋታዎን ከስቲም ገዝተው እንደ ሆነ ስቲምን ይጭናሉ፤ ፕሮቶን ከውስጡ ስላለ ተጨማሪ ጥናት አይፈልግም። የልጁ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የ2019ኙ እትም ነበረ፤ በዚሁ መንገድ ተከፍቶለት የሾተል ወታደሮቹን አሰልፏል። ከስቲም ውጭ በሲዲ የተገኘ ከሆነ ደግሞ «ሉትሪስ» ወይም «ቦትልስ» የተባሉት ፕሮግራሞች ዋይንን አስተካክለው ያዘጋጁልዎታል። ዋይን ለጨዋታው ሐሰተኛ «ሲ ድራይቭ» ይሠራለታል፤ ነገሩ አንድ ተራ ፎልደር ነው፣ ጨዋታው ግን ዊንዶውስ ቤት የገባ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የየራሱ ፎልደር ቢሰጡት አንዱ ሲበላሽ ሌላውን አይነካም።

ላፕቶፕዎ በጣም ያረጀ ከሆነ የሥዕል ክፍሉ ቩልካንን አያውቅ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ዲኤክስቪኬን ይዝጉት፤ ዋይን ኦፕን ጂኤል በተባለው በቀድሞው መንገድ ይሣልልዎታል። እንደ 2003ቱ «ቫይስ ሲቲ» ላሉት አሮጌ ጨዋታዎች ይህ ይበቃል። ትናንት ለወጣ ጨዋታ ግን አይበቃም፤ አስተርጓሚ የደከመን ፈረስ አያስሮጥም።

የማይከፈቱም አሉ፤ ይህን ደብቄ ላስጐመጅዎ አልፈልግም። በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚጫወቱባቸው አንዳንድ ጨዋታዎች አጭበርባሪን ለመያዝ «አንቲ ቺት» የሚባል ዘበኛ ያቆማሉ። ይህ ዘበኛ ወደ ዊንዶውስ እምብርት ገብቶ ማየት ይፈልጋል፤ በመካከሉ አስተርጓሚ ሲያገኝ በሩን ይዘጋዋል። «ቫሎራንት» እና «ፎርትናይት» በሊኑክስ የማይሠሩት በዚህ ነው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ኳሱ ነው፤ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» 24ኛውም 25ኛውም በዚሁ ምክንያት እንቢ ብለዋል። በበኩሌ ጥፋቱን በዋይን ላይ አላኖረውም። አስተርጓሚው ቋንቋውን ያውቃል፤ ባለቤቱ በአስተርጓሚ አልነጋገርም ያለ እንደ ሆነ ምን ያደርጋል? ኳስ ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጥ ከሆነ ወይ የዱሮውን ይጫወቱ፣ ወይ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ይሂዱ።

ስለ ቫይረስ አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሊኑክስ ላይ ቫይረስ የለም ብሎ ስለሚዘናጋ። ዋይን ታማኝ አስተርጓሚ ነው፤ ታማኝ አስተርጓሚ ደግሞ ስድቡንም ይተረጕማል። በ«ክራክ» ውስጥ የተሸሸገ የዊንዶውስ ቫይረስ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በዋይን ሊነሣ ይችላል። ዋይን በተለመደው አቀማመጡ የኮምፒዩተሩን ፋይሎች «ዜድ ድራይቭ» ብሎ ለጨዋታው ያሳያል፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ያለበትን ፎልደር ጭምር። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ነገር አይክፈቱ፤ «ቦትልስ» ጨዋታውን አጥር ውስጥ ስለሚያኖር በዚህ በኩል ይሻላል።

ነገር ግን ከየት እንግዛ የሚለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የስቲም ዋጋ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው መንገዱ ጠባብ ነው፤ ውጭ አገር ዘመድ የሌለውን ልጅ ወደ ክራኩ የሚገፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ዜሮ ኤዲ» የተባለውን ጨዋታ አመለክታለሁ። ያለ ዋጋ የሚታደል ሲሆን አጨዋወቱ ከ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ጋር ይመሳሰላል፤ ለሊኑክስም በቀጥታ ስለ ተሠራ አስተርጓሚ አይፈልግም። በ2018 የጐረቤታችን የኩሽ ሕዝብ፣ የሜሮዌዎቹ፣ ገብተውበታል። አክሱም አልገባችበትም። ጨዋታው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነውና ፕሮግራምና ታሪክ የሚወድ ተማሪ ሥራ አጣሁ አይበል።

በአገራችን የተሠሩትስ? ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን እንዲሁም «ገበጣ»ን ሠርቷል። የተሠሩት ግን ለስልክ ነው፤ በኮምፒዩተር ለመጫወት እንደገና ሌላ ድንበር አለ። ማይክሮሶፍት በ2021 በዊንዶውስ 11 ውስጥ የአንድሮይድ ክፍል ከፍቶ ነበረ፤ በመጋቢት 2025 ዘጋው። ሊኑክስ በዚህ በኩል የሥጋ ዝምድና አለው፤ የአንድሮይድ እምብርት ራሱ ሊኑክስ ነውና። «ዌይድሮይድ» የተባለው ፕሮግራም አንድሮይድን በሊኑክስ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥቶ ያኖረዋል፤ ማሽን ማስመሰል የለበትም። ሆኖም የስልክ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ለስልክ ፕሮሰሰር ነውና፣ በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የለየነው የማሽኑ ቋንቋ ጉዳይ ይመለሳል፤ ትእዛዙን የሚለውጥ ተጨማሪ ክፍል ማስገባት ያስፈልጋል። ይህንንም ለማድረግ አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላና ትዕግሥት ይበቃል፤ ዶሮዋ ግን የምትዘለው ጣት ስክሪኑን ሲዳብስ ስለ ሆነ፣ በላፕቶፕ ማውስ ጎትተው ሲያዘልሏት ገበሬው ቶሎ ይደርስባታል።